ከሰሜን ሸዋ ተነስቶ በቦሌ ለሚበር፦ የአየር ርቀትና የበረራ ሰዓት እንዴት ይሰላል?

ከደብረ ብርሃንም ሆነ ከሸዋ ሮቢት ወደ ጅዳ ወይም ዱባይ የሚሄድ ሰው መብረሪያው ቦሌ ነው። ስሌቱ ካልኩሌተር ካለው ስልክ በላይ አይፈልግም።

መጀመሪያ ርቀቱን ያውጡ። በስልክዎ ካርታ ላይ አውሮፕላን ማረፊያውን በጣትዎ ጫን አድርገው ሲይዙ ኬክሮሱና ኬንትሮሱ ይወጣሉ። ቦሌ 8.98 ሰሜን፣ 38.80 ምሥራቅ ነው፤ ጅዳ ደግሞ 21.68 እና 39.16። ኬንትሮሳቸው ስለሚቀራረብ ጅዳ ከቦሌ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ የኬክሮሱን ልዩነት፣ 12.7ን፣ በ111 ማባዛት ይበቃል (አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው)፤ 1,410 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ዱባይ (25.25፣ 55.36) ግን ወደ ምሥራቅም ስለሚርቅ ሁለት ስሌት አለው። የኬክሮሱን ልዩነት በ111 ያባዙ፤ 1,806 ይመጣል። የኬንትሮሱን ልዩነት ደግሞ በ111፣ ከዚያም በ0.956 (በሁለቱ ኬክሮስ አማካይ፣ በ17.1 ዲግሪ፣ ኮሳይን) ያባዙ፤ ከምድር ወገብ በተራቀ ቁጥር የኬንትሮስ ዲግሪ እየጠበበ ስለሚሄድ ነው። 1,757 ይሆናል። እያንዳንዱን በራሱ አባዝተው ይደምሩና ስኩዌር ሩቱን ያውጡ፦ 2,520 ኪሎ ሜትር ገደማ። ለዋሽንግተን ይህ አያገለግልም፤ ምድር ክብ ስለሆነች ስህተቱ ይሰፋል። የካርታውን የርቀት መለኪያ ይጠቀሙ።

የመኪና ኪሎ ሜትር አይውሰዱ። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በጣርማበር ወርደው ሲሄዱ ከ370 በላይ ነው፤ በአየር 255 ያህል ብቻ።

ርቀቱን ለ850 (አውሮፕላኑ በሰዓት ለሚበረው ኪሎ ሜትር ግምት) ያካፍሉና ለመንደርደር፣ ለመውጣትና ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ። ጅዳ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ፣ ዱባይ 3 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ትኬት ላይ ብዙ ጊዜ ከዚህ ረዘም ይላል፤ መንገዱ ቀጥ ያለ አይደለም፣ ማረፊያ መጠበቅም አለ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ትኬቱን ሲያነብ ነው። የተጻፈው የየአገሩ ሰዓት ነው። ከቦሌ 22:45 ተነስቶ ዱባይ 03:40 ይገባል ቢል ልዩነቱ 4:55 ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ስለምትቀድመን እውነተኛው በረራ 3:55 ነው። ጅዳ ከእኛ ጋር እኩል ስለሆነ ምንም አይቀነስም።

ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 6 ይቀንሱ፤ ውጤቱ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 12 ጨምረው ይቀንሱ፤ 22:45 ማለት ከምሽቱ 4:45 ነው። የትኬቱ ሰዓት ከ7 ካነሰ በመቀነስ ፈንታ 6 ይደምሩ። ቀኑን ግን እጅግ ይጠንቀቁበት። ትኬቱ ማክሰኞ 01:30 ካለ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7:30 ማለት ነው፤ ፈረንጅ ቀኑን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ነውና። ማክሰኞ ጠዋት 1:30 ብሎ የተነሣ ሰው አውሮፕላኑን አያገኘውም።

ከዚያ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ቦሌ ከበረራው 3 ሰዓት ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል፤ በዚህ ምሳሌ ሰኞ ማታ 4:30። ከደብረ ብርሃን መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሰንዳፋ በኋላ ያለውን መጨናነቅ ጨምረው 4 ሰዓት ይያዙለት። ስለዚህ ሰኞ ማታ 12:30 የመጨረሻው ነው። ያን ሰዓት መኪና ከመፈለግ ግን ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት መነሣት ይሻላል። ከሸዋ ሮቢት ወይም ከአጣዬ የሚመጣ ደግሞ፣ በተለይ ክረምት ጣርማበር በጉም ሲሸፈን፣ ዋዜማውን አዲስ አበባ ይደር።