ካሜራ ስንቀይርና ስንደርብ የምንሠራቸው ስህተቶች

በየዓመቱ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ስልኬ ይበዛል። የሚደውሉልኝ ሰርግና ልደት የሚያነሱ ወጣቶች ናቸው። ጥያቄያቸውም አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ ካሜራዬን ልሸጠው ነው፤ ምን ልግዛ?»

መልስ ከመስጠቴ በፊት እኔም አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ያለህ ካሜራ የትኛውን ፎቶ አሳጣህ? «ባለፈው ተክሊል ላይ ጨለማ ነበር፤ ፎከስ አልይዝ አለኝ» ካለኝ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። «አዲሱ ወጥቷል» ካለኝ ግን ገና ምክንያት አላገኘም። እዚህ የምጽፋቸው ስህተቶች ደጋግሜ ያየኋቸው ናቸው። አንዱን እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ፤ ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

የሌንሱን ጥፋት ለካሜራው መስጠት

ከሁሉም የበዛው ይህ ነው። ካኖን 600ዲ ያለው ልጅ ከካሜራው ጋር በመጣው ባለ 18-55 ሚሊሜትር ሌንስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያነሳል። ሌንሱ 55 ላይ ሲደርስ ቢበዛ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ነው፤ የኤፍ ቁጥር ባነሰ መጠን ሌንሱ ሰፋ ብሎ ይከፈታል። ብርሃን ሲያጥረው አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ 6400 ያደርሰዋል። ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ከዚያ «ፉል ፍሬም ካልገዛሁ አይሆንም» ይላል፤ ሰፊ ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) ያለውን ካሜራ ማለቱ ነው።

እስቲ እናስላው። እስከ ኤፍ 1.8 የሚከፈት ባለ 50 ሌንስ ከዚያኛው አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በ6400 ያነሳውን ፎቶ በ640 አካባቢ ያነሳዋል ማለት ነው። የፉል ፍሬም ሴንሰር ስፋት ደግሞ የ600ዲን 2.6 እጥፍ ነው። እሱም ጥቅም አለው፤ ግን አሥር እጥፍ የት፣ 2.6 የት! ዋጋው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ባለ 50 ኤፍ 1.8 ሌንስ ካኖን ከሚሠራቸው ርካሾቹ አንዱ ነው። ነገ ፉል ፍሬም ዲኤስኤልአር (ባለ መስታወት ካሜራ) ብትገዙም አብሯችሁ ይሄዳል። መጠንቀቅ ያለባችሁ ሙሉ በሙሉ ስትከፍቱት ነው። ሙሽራዋ ጥርት ብላ ከኋላዋ የቆመው ሙሽራ ሊደበዝዝ ይችላል። ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ወደ ኤፍ 2.8 አጥብቡት።

«ነጠላው ነጥቶ ይጠፋል፣ ፊት ይጠቁራል» የሚለው ቅሬታም ብዙ ጊዜ የካሜራ ችግር አይደለም። በጄፔግ፣ ካሜራው ራሱ ጨምቆ በሚያስቀምጠው ፋይል፣ ስለሚያነሱ ነው። ጄፔግ ለአንድ ቀለም የሚይዘው 256 ደረጃ ነው። 600ዲ በሮው፣ ሴንሰሩ የያዘውን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ፋይል፣ ሲያነሳ 16,384 ይይዛል። የጠቆረውን ፊት በኋላ ማውጣት ይቻላል። ለነጠላው ብላችሁ ትንሽ አጨልማችሁ አንሱ፤ ፊቱን ኮምፒውተር ላይ ታነሱታላችሁ። ካሜራ ከመሸጥ በፊት አንድ ወር በሮው ሞክሩ።

ቁጥሩ ስለጨመረ መቀየር

ካኖን 550ዲን በ2010፣ 600ዲን በ2011፣ 650ዲን በ2012፣ 700ዲን በ2013 አወጣ፤ ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው። አራቱም 18 ሜጋፒክስል ናቸው። ከ600ዲ ወደ 700ዲ የቀየረ ሰው በጣት የሚነካ ስክሪን አገኘ፤ ቪዲዮ ላይም የተሻለ ፎከስ አገኘ። ፎቶው ግን ያው ነው። 18 ሜጋፒክስል ማለት ጥራቱ ሳይቀንስ 44 በ29 ሳንቲሜትር የሚታተም ፎቶ ነው። ለአብዛኛው የሰርግ አልበም ይበቃል።

ወደ ላይ መዝለልም የራሱ ወጪ አለው። ኒኮን ዲ850 45.7 ሜጋፒክስል ነው። አንድ የሮው ፋይሉ ወደ 50 ሜጋባይት ይጠጋል። ሰርግ ላይ 2,000 ፎቶ ካነሳችሁ 100 ጊጋባይት ሞላ። ካሜራ ገዝቶ በሁለተኛው ወር ኮምፒውተርና ሃርድ ዲስክ ለመግዛት የተበደረ ሰው አውቃለሁ።

አሮጌውን ሸጦ አዲሱን መግዛት

እኔ የሠራሁት ስህተት ይህ ነው። ጥር ወር ነበር። ከሰርጉ ሁለት ሳምንት በፊት አሮጌውን ካሜራዬን ሸጬ በላዩ ጨምሬ የተሻለ ያገለገለ ካሜራ ገዛሁ። እጄ ላይ ያለው እሱ ብቻ ነበር። ተክሊሉ ላይ፣ ቄሱ አክሊሉን ሊደፉላቸው ሲሉ፣ ሸተሩ፣ ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ፣ ተጣብቆ ቀረ። ባትሪውን አወጣሁ፣ መለስኩ። ሌንሱን ፈታሁ፣ ገጠምኩ። ምንም የለም። ስልኬን ከኪሴ ሳወጣ አክሊሉ ተደፍቶ ነበር።

ለከሰዓቱ ከጓደኛዬ ካሜራ ተውሼ ሠራሁ። ገንዘቡንም መለስኩ። አልበሙን ስወስድላቸው የሙሽራዋ እናት አልተቆጡኝም። ገጹን ወደፊትም ወደኋላም አገላብጠው «ልጄ፣ አክሊሉ የታለ?» ብቻ አሉኝ።

ሸተር የሚያልቅ ዕቃ ነው። ካኖን የ5ዲ ማርክ 3ን ሸተር ለ150,000፣ የ6ዲን ለ100,000 ፎቶ እንደፈተነው ገልጿል። በሰርግ 2,000 ፎቶ ካነሳችሁ የመጀመሪያው 75 ሰርግ፣ ሁለተኛው 50 ሰርግ ነው። ዋስትና አይደለም፤ ቀድሞም ሊቆም፣ አልፎም ሊሄድ ይችላል። ያገለገለ ካሜራ ስትገዙ ስንት ፎቶ እንደተነሳበት ሳታረጋግጡ ብር አትክፈሉ። እኔ አላረጋገጥኩም ነበር።

ስለዚህ ስንት ካሜራ ይኑረኝ ለሚለኝ መልሴ እንዲህ ነው። የማይደገም ቀን ለማንሳት ገንዘብ የምትቀበሉ ከሆነ ሁለት። ሁለተኛው አዲስ መሆን የለበትም። ሊሸጥ የነበረው አሮጌው ራሱ ይሁን። ሲሸጥ የሚያመጣው ብር ትንሽ ነው፤ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ የሚያድነው ግን ብዙ ነው። ሁለተኛ መግዛት ካልቻላችሁ ለዚያ ቀን ተከራዩ፤ ኪራዩንም ዋጋችሁ ውስጥ አስገቡት። ልጆቻችሁንና ጉዟችሁን ለምታነሱ ግን አንድ ይበቃል። ያ ቢበላሽ ስልካችሁ አለ።

ብዙዎች ሁለት የሜሞሪ ማስገቢያ ያለው ካሜራ ከገዙ ሁለተኛ ካሜራ አያስፈልግም ይላሉ። አይደለም። ሁለት ሜሞሪ ካርዱ ሲበላሽ ነው የሚያድናችሁ፤ ሸተር ሲቆም አያድንም። ለሰርግ ሁለቱንም እፈልጋለሁ። የካኖን 6ዲና ኢኦኤስ አር አንድ ማስገቢያ ብቻ ነው ያላቸው። የካኖን 5ዲ ማርክ 3 እና አር6፣ የሶኒ ኤ7 3ም ሁለት አላቸው። 5ዲ ማርክ 3 የያዛችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከሁለቱ አንዱ፣ የኤስዲ ካርዱ ማስገቢያ፣ ዘገምተኛ ነው። በሁለቱም እየጻፈ በተከታታይ ስታነሱ ቆም ይልባችኋል። እሱን ለምዳችሁ ማንሳት ነው እንጂ አንዱን ካርድ አታውጡ።

ሁለተኛውን ከሌላ ዓይነት መግዛት

አንዱ ካኖን፣ አንዱ ሶኒ ከሆነ ባትሪው አይገባም፤ ቻርጀሩም ሁለት ነው። ሌንስ መለዋወጥም ጣጣ አለው። ከዚያ በላይ ደግሞ የሙሽራዋ ፊት በአንዱ ገጽ ቀላ፣ በሌላው ቢጫ ይላል፤ ማስተካከሉ ሌሊት ይፈጃል። 5ዲ ማርክ 3 ያለው ሰው አር6 ቢጨምር አሮጌዎቹ ሌንሶቹ በአዳፕተር ይሠሩለታል፤ ፎከሳቸውም አይቋረጥም። ባትሪዎቹንም በሁለቱ ያዛውራል።

ብር ይረክሳል ብሎ ካሜራ ማከማቸት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የዚያን ጊዜ ካሜራ የነበረው ሰው የካሜራው ዋጋ በብር ሲያድግለት አይቷል። ስለዚህ «ሦስተኛም አራተኛም ልግዛ» የሚለው ሐሳብ ከመሬት አልተነሳም። ግን ቦዲ (ያለ ሌንስ ካሜራው ብቻውን) አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ሌንስ ደግሞ በክረምት ይሻግታል። ሻጋታው መስታወቱን ከበላው ማንም አይገዛችሁም። የሚተርፍ ብር ካላችሁ ጥሩ ሌንስ ግዙና በየሳምንቱ ሥሩበት።

አሜሪካ ያለ ዘመድ ካሜራ ሲልክላችሁም ሁለት ነገር እዩ። ዋስትናው ብዙ ጊዜ የሚሠራው በተገዛበት አገር ነው። ቪዲዮ የምትቀርጹ ከሆነ ደግሞ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ኤንቲኤስሲ የሚለውን የአሜሪካ የቪዲዮ ሥርዓት ወደ እኛው ፓል ቀይሩት፤ የሸተሩንም ፍጥነት የሰከንድ ከ50 አንድ አድርጉት። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ እንዳለ ከተዋችሁት የአዳራሹ መብራት ቪዲዮው ላይ ይርገበገባል።

ሰርግ ሲደርስ መግዛት

አዲስ ካሜራ ጥር ላይ ገዝታችሁ ቅዳሜ ሰርግ አትውጡበት። ጨለማ ውስጥ ጣታችሁ ቁልፉን ሳታዩት ማግኘት አለበት። ነሐሴ ላይ ግዙ። እንቁጣጣሽ ላይ አበባየሆሽ የሚሉትን ልጆች አንሱበት፤ ሲሮጡ ፎከሱ ይከተላቸው እንደሆነ ታያላችሁ። የደመራ ማታ እሳቱ ፊት የቆመ ሰው አንሱበት፤ ከዚያ የከበደ የብርሃን ፈተና አታገኙም። የማይሠራ ነገር ካለ ሻጩ ገና አልረሳችሁም።

ከሰርጉ በፊት ባለው ማታ ደግሞ የሁለቱን ካሜራ ሰዓት እኩል አድርጉ። አራት ደቂቃ ከተለያዩ ኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን በሰዓት ሲደረድር ቀለበቱ ከመጠለቁ በፊት የተሳሙ ይመስላሉ፤ 2,000 ፎቶ በእጅ መደርደር ይመጣባችኋል።