«ለዚህ ነው እንዴ?» ብላችሁ ከሳይኮሎጂስት ቢሮ ከወጣችሁ

ለጭንቀት ሳይኮሎጂስት ጋር ለመሄድ ብዙ ያመነታ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ብዙ ይጠብቃል። እኔ ልቤ ድው ድው እያለ ሲያስቸግረኝ መጀመሪያ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ተነሳሁ፣ ደሜንም ታይሮይዴንም ተመረመርኩ፣ «ጤነኛ ነሽ» ተባልኩ። (ይሄን ምርመራ አትዝለሉት። የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ከጭንቀት ጋር በቀላሉ ይምታታል።) ከዚያ በኋላ የቀረችኝ ተስፋ አምባሳደር አካባቢ፣ ሊፍቱ የማይሠራ ሕንፃ ላይ ያለች ሳይኮሎጂስት ነበረች።

ቅጽ ሞላሁ። ስለ እንቅልፌ ጠየቀችኝ፣ ጻፈች። ስለ ወንድሞቼ ጠየቀችኝ፣ ጻፈች። እንባዬ ገና መምጣት ሲጀምር ሰዓቷን አየችና «ለዛሬ እዚህ ላይ እናቁም፣ ሐሙስ እንገናኝ» አለችኝ። እኔም ፈገግ ብዬ «በጣም አመሰግናለሁ፣ ቀለል ብሎኛል» አልኳት። ምንም አልቀለለኝም። ደረጃውን ስወርድ «ለዚህ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ብር?» እያልኩ ነበር።

እንዲህ ብላችሁ የወጣችሁ ካላችሁ ጥቂት ነገር ልበላችሁ።

በዚያው ቀን አትወስኑ። የመጀመሪያው ሴሽን በአብዛኛው ለመጠየቅና ለመጻፍ ነው የሚውለው። ልብስ ሰፊ ልኬት እንደሚወስደው ነው፤ ለብሶት የሚወጣ የለም። አንድ ሴሽን ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ነው፤ የዓመታት ጭንቀት በዚያ አይፈታም። ከወጡ በኋላ መጫጫን፣ ማልቀስ፣ ሌሊት እንቅልፍ ማጣትም ያለ ነው። የተዳፈነ ነገር ተነካክቷልና።

ከሴሽን ቀጥታ ወደ ሥራ አትመለሱ። የእኔ ቢሮ ለገሃር ስለሆነ በእግር ቅርብ ነው፤ ግን መጀመሪያ ወደ ብሔራዊ ቴአትር እወርድና የድንጋዩ አንበሳ አካባቢ ትንሽ እቆያለሁ። ስልኬ ላይ ሁለት ነገር እጽፋለሁ፦ ምን ጠብቄ ነበር? ምን ቀረ? «መፍትሔ ትነግረኛለች ብዬ ነበር» እና «አልሰማችኝም» በጣም የተለያዩ ቅሬታዎች ናቸው። የመጀመሪያው ጊዜ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ንግግር። ሌላ ደግሞ፣ ከሴሽን በፊት ጀበና ቡና ይቅርባችሁ። ካፌይን ራሱ ልብ ያስመታል፤ ከዚያ የቱ ጭንቀት የቱ ቡና እንደሆነ መለየት ያቅታችኋል። ከሕንፃው ሥር ያለችው ቡና አፍይ ትቀየመኛለች እንጂ በእኔ ላይ ያየሁት ነው።

አሁን ዋናው ነገር። እኛ ሰው ፊት ቅሬታ አንናገርም። ወጡ ጨው ቢበዛበት «ይጣፍጣል» እንላለን። ሳይኮሎጂስት ጋርም እንደዚያው፦ «በጣም ጥሩ ነው» ብለን እንወጣና ከዚያ በኋላ ስልክ አናነሳም። እሷም ምን እንደጎደለ ሳታውቅ ትቀራለች፣ እኛም «ሞክሬው ነበር፣ አይሠራም» እያልን እንኖራለን። ሰው ምን ይለኛል የሚለው ፍርሃት ብዙዎቻችንን እዚያ ቢሮ ያስገባን ነው፤ ያስወጣንም እሱ እንዳይሆን። ስለዚህ በሁለተኛው ቀጠሮ፣ ገና ወንበሩ ላይ እንደተቀመጣችሁ፣ ሌላ ወሬ ሳይመጣ ተናገሩት። ካስፈራችሁ ከወረቀት አንብቡት፤ ምንም ነውር የለውም። እኔ ያልኳት ይሄን ነው፦

«ባለፈው ቅር ብሎኝ ነው የወጣሁት። ቀለል ብሎኛል ያልኩት ለይሉኝታ ነው። ምን እየሠራን እንደሆነ አልገባኝም።»

ፊቷ ይቀየራል ብዬ ነበር። አልተቀየረም። «እንኳን ነገርሽኝ» አለችና ነጭ ወረቀት አውጥታ ክብ ሣለች። «ሰሞኑን የተጨነቅሽበትን አንድ ቀን ንገሪኝ» አለች። ሥራ አስኪያጁ ደውሎ «እስቲ ቢሮ ነይ» ያለኝን ነገርኳት። ክቡ ላይ መጻፍ ጀመረች። ከላይ፦ «ቢሮ ነይ»። ቀጥሎ ያሰብኩት፦ «ሒሳብ አጉድያለሁ፣ ልባረር ነው»። ቀጥሎ ሰውነቴ፦ ልብ ምት፣ የእጅ ላብ። ቀጥሎ ያደረግሁት፦ ሽንት ቤት ገብቶ መቆየት፣ ከዚያ ያንኑ መዝገብ ደጋግሞ መፈተሽ። የመጨረሻውን በቀስት ከመጀመሪያው ጋር አገናኘችው። መሸሼና መፈተሼ ለጊዜው ያረጋጉኛል፤ ግን ፍርሃቴ ልክ ይሁን አይሁን የማረጋግጥበትን ዕድል ይዘጉብኛል። በሚቀጥለው ጥሪ ያው ፍርሃት እንደ አዲስ ይነሳል። የቤት ሥራዬ መዝገቡን አንዴ ብቻ ፈትሾ መዝጋት ሆነ። ቀላል ይመስላል አይደል? ሞክሩት።

ይሄ ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ (የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና) የሚባለው ነው። አሮን ቤክ የተባለ አሜሪካዊ ሳይካትሪስት በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መሠረቱን ጣለ፤ ዛሬ ለጭንቀት በብዛት ከሚመከሩት የንግግር ሕክምናዎች አንዱ ነው። በአብዛኛው ከ12 እስከ 20 ሴሽን ይወስዳል፣ በመሀል የቤት ሥራ አለው። የምትፈሩትን ነገር በትንሽ በትንሹ መጋፈጥም ስላለበት መጀመሪያ አካባቢ ጭንቀቱ ጨመር ቢል አትደንግጡ።

የእናንተዋ በሌላ መንገድ ትሠራ ይሆናል፤ ችግር የለውም። ግን ጠይቁ፦ በምን ዘዴ ነው የምንሠራው? ስንት ጊዜ ያህል እንገናኛለን? መሻሌን በምን እናውቃለን? ለመጨረሻው ጥያቄ ጂኤዲ 7 የሚባል፣ ጭንቀትን የሚለካ አጭር መጠይቅ አለ። 7 ጥያቄ ነው፣ ስላለፉት 2 ሳምንታት ይጠይቃል፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ትሰጣላችሁ፣ ድምሩ ቢበዛ 21 ነው። መጀመሪያ ላይ ሙሉት፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ድገሙት። «እንጃ፣ ያው ነኝ» ከማለት ቁጥሩን ማየት ይሻላል።

ብሩ ካስጨነቃችሁ ይሄንንም ተናገሩ። በየሳምንቱ የነበረውን በየ15 ቀኑ ማድረግ ይቻል ይሆናል። የመንግሥት ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍልም አለ፤ ወረፋው ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ ክፍያው ይቀላል። እዚያ ሳይካትሪስት ልታገኙ ትችላላችሁ፤ እሱ ሐኪም ስለሆነ መድኃኒት ያዝዛል፣ ሳይኮሎጂስት ግን አያዝዝም። እናቴ «ጠበልም ሞክሪ እንጂ ልጄ» ትለኛለች። እሄዳለሁ፤ ሁለቱ አይጣሉም። የታዘዘላችሁ መድኃኒት ካለ ግን ሐኪም ሳታማክሩ አታቋርጡ። ራሴን ልጉዳ የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በቅርብ ላለ ሰው ንገሩና በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። የአማኑኤል ሆስፒታልን ስም ፈርቶ ቤት መቀመጥ የለም።

ታገሡ ስል ሁሉን ታገሡ ማለቴ አይደለም። የነገራችኋትን ለእናታችሁ ወይም ለባላችሁ ከነገረች፣ እናንተ እያወራችሁ ስልክ የምታነሳ ከሆነ፣ «እምነትሽ ስለላላ ነው» ብላ ከሰበከች፣ «በሁለት ሳምንት ነቅዬ እጥለዋለሁ» ብላ ከማለች፣ ውጡ። ሦስተኛ ቀጠሮ አያስፈልግም። እንዲህ ያለ ነገር ሳይኖር፣ ቅሬታችሁን ተናግራችሁ፣ ከአራት አምስት ሴሽን በኋላም ምንም ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ሰውየው ወይም ሴትየዋ ለእናንተ አይሆኑም ማለት ሊሆን ይችላል። ከባለሙያው ጋር መግባባት ከሕክምናው ውጤት ጋር እንደሚያያዝ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። መቀየር ክህደት አይደለም።

ስትቀይሩ ደግሞ አትጥፉ። «ጤና ይስጥልኝ፣ የሐሙሱን ቀጠሮ መሰረዝ ፈልጌ ነው። ሌላ ባለሙያ ልሞክር ወስኛለሁ። ስለ ጊዜዎ አመሰግናለሁ» የሚል ቴክስት ይበቃል። ምክንያት መደርደር አይጠበቅባችሁም፤ የአክስቴ ልጅ ለቅሶ አለብኝ ብሎ በሕይወት ያለ ሰው መግደልም። ለአዲሱ ባለሙያ የሚሰጥ አጭር ማጠቃለያ እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። ያኛው የቅጽ መሙያ ቀን ቢያንስ ያጥራል።