የወፏ ኬጅ ይሆን የሚጎዳት? ችግርና መፍትሄ

ወፍ ሕመሟን ትደብቃለች። ጫካ ውስጥ ደክማ የታየች ወፍ የጭልፊት ሲሳይ ናት፤ ስለዚህ አቅሟ እስኪያልቅ ደህና መስላ ትታያለች። ላባዋን ነፍታ ኬጁ ወለል ላይ ስትቀመጥ ካያችኋት ነገሩ ሰንብቷል ማለት ነው። ሐኪም ዘንድ መውሰዱ እንዳለ ሆኖ፣ አብሮ መመርመር ያለበት ኬጁ ነው። ከታች የጻፍኩት ለባጂ፣ ለላቭበርድና ለኮካቲየል (ሦስቱም ትንንሽ በቀቀኖች ናቸው)፣ እንዲሁም ካናሪ ለምትባለው ትንሽ ዘማሪ ወፍ ይሆናል። ትልልቅ በቀቀን ያላችሁም ከሽቦው ክፍተት ልክ በቀር ሌላው ያው ነው።

ኩሷ ውሃ ሆኗል፣ ትተፋለች፣ ቆጧ ላይ ትንገዳገዳለች

ኬጁ አዲስ ነው? ሽቦውን በመንቁሯ ስትቀረጥፍ ትውላለች? እንግዲያው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዚንክ የሚባለው ብረት ነው።

ሰፈር ብየዳ ቤት የምናሠራው ኬጅ ብዙ ጊዜ በዶሮ ሽቦ ይለበጣል። ርካሽ ነው፣ ቶሎም አይዝግም። የማይዝገው ግን በዚንክ ስለተነከረ ነው፤ የጣራችን ቆርቆሮም እንደዚያው። ዶሮ ሽቦ ስለማትቀረጥፍ እምብዛም አያሳስባትም። የበቀቀን ዘር ግን በመንቁሩ ይንጠላጠላል፣ በመንቁሩ ይወጣል፣ ሥራ ሲፈታ ደግሞ ያገኘውን ያኝካል። የተላጠችው የዚንክ ቅንጣት ሆዷ ውስጥ ገብታ ትሟሟለች። ከዚያ መመረዝ ነው።

ጥፍራችሁን ሽቦዎቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ አስኪዱት። የደረቀ ሰም የመሰለ ሻካራ ጠብታ ከነካችሁ፣ ወይም ጣታችሁ ላይ ነጭ ዱቄት ከቀረ፣ ወፏ ቀኑን ሙሉ የምትልሰው እሱን ነው።

ትክክለኛው መፍትሄ ስቴንለስ ሽቦ ነው። ውድ ነው፣ አልዋሽም። ቀጥሎ የሚሻለው ፋብሪካ ውስጥ በዱቄት ቀለም ተቀብቶ በሙቀት የተጋገረው ኬጅ ነው፤ ቀለሙ መላጥ ከጀመረ ግን አትመኑት። ሁለቱም ካልተገኙ ሽቦውን በአቼቶና በጠንካራ ብሩሽ በደንብ ፈትጉት፣ በብዙ ውሃ አለቅልቁት፣ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ይህ ላላ ያለውን ያነሳል እንጂ ዚንኩን አያጠፋም። አሮጌ ኬጅ ከሰው ከተቀበላችሁ ደግሞ ቀለሙን እዩት። የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት ሊኖር ይችላል፤ የእርሳስ መመረዝም ምልክቱ ከዚንኩ ብዙም አይለይም።

ወተት አትጋቷት። መርዝ ሲባል ወተት ማለት ልማዳችን ነው። ወፍ ግን የወተት ስኳር አይፈጭላትም፣ ወተቱም ብረቱን አያወጣላትም። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ስትደርሱ «ሽቦ ትቀረጥፋለች» ብላችሁ ንገሩ። ካልነገራችሁ ሐኪሙ ተቅማጥ ብቻ ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ቅንጣቱ በራጅ ሊታይ ይችላል፤ ብረቱን ይዞ ከሰውነት የሚያስወጣ መድኃኒትም አለ።

አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ ጅራቷ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል

ይህ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ኬጁን አንስታችሁ ንጹሕ አየር ወዳለበት ውሰዱ፤ ምክንያቱን በኋላ ትፈልጋላችሁ።

የወፍ ሳንባ አየር ስታስገባም ስታስወጣም ኦክስጅን ይወስዳል። አየሩ ላይ ያለውን መርዝም እንዲሁ። የእንግሊዝ የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ ካናሪ ይዘው ጉድጓድ ይወርዱ የነበረው ለዚህ ነው፤ መርዘኛው ጋዝ ካለ ቀድማ የምትወድቀው እሷ ናት።

ያው ጋዝ እኛ ቤት ከከሰል ምድጃ ይወጣል። ቡና ሲፈላ አስቡት፦ ሳሎኑ ተዘግቷል፣ ከሰሉ ግሟል፣ ዕጣኑ ይጨመራል፣ ወፏ ጥግ ላይ ተሰቅላለች። ለእኛ ደስ ይላል። ለሷ ጭሱና ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አንድ ላይ ይመጡባታል። ቡናውን ተዉ የሚል የለም። ወፏን ሌላ ክፍል አስገቧትና በሩን ዝጉ፣ ሳሎኑን መስኮት ክፈቱለት፤ ጭሱ ከወጣ በኋላ ትመለስ። በርበሬ ሲታመስም፣ ፍሊት ሲነፋም፣ ወለል በበረኪና ሲታጠብም ሕጉ ይኸው ነው።

እኔን ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ምግብ የማይዘው፣ ቴፍሎን የተቀባው መጥበሻ ነው። ቴፍሎን ባዶውን እሳት ላይ ተረስቶ ሙቀቱ ከ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ጋዝ ይለቃል። እኛ ላናስተውለው እንችላለን፤ ወፍን ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። አንዴ ከተነፈሰችው ብዙ ጊዜ አይደረስላትም። ስለዚህ ኬጅና ወጥ ቤት አይጎራበቱም። መኝታውም ማብሰያውም አንድ ክፍል የሆነባችሁ መጥበሻውን በብረት ወይም በሸክላ ቀይሩ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣዳችሁ የማይዝ ሽፋን ካለው እንጀራ ስትጋግሩ ወፏ እዚያ አካባቢ አትሁን።

አፏን ከመክፈት ሌላ ክንፎቿን ከጎኗ ካራቀች ሙቀት ሊሆን ይችላል። ወደ ጥላ አውርዷት፣ እግሯን ለብ ባለ ውሃ አርጥቡላት፤ በረዶ ውሃ አይሁን። ዱባይና ሪያድ ያላችሁ በበጋ ኬጁን በረንዳ ላይ ትታችሁ ሥራ አትሂዱ።

አንድ እግሯን ደጋግማ ታነሳለች፣ መዳፏ ቀልቷል

ጥፋተኛው ከኬጁ ጋር የሚመጣው ለስላሳና ውፍረቱ አንድ ዓይነት የሆነ ቆጥ ነው። ክብደቷ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ያርፍና ቆዳው ይላጣል፣ ከዚያ ይቆስላል። እውነተኛ ቅርንጫፍ አስገቡላት፤ አንዱ ወገን ቀጭን፣ ሌላው ወፈር ያለ። ለባጂ ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ይበቃል። ጓቫም ባሕር ዛፍም ይሆናል፤ ብቻ መድኃኒት ያልተረጨ ይሁን። አቮካዶ ግን በፍጹም! ቅጠሉም ፍሬውም ለወፍ መርዝ ነው፤ ጁሱንም ቢሆን ለማቅመስ እንዳይዳዳችሁ። ጥፍር ይሞርዳል እየተባለ ቆጥ ላይ የሚለበስ የብርጭቆ ወረቀት አለ። ጣሉት፤ የሚሞርደው መዳፏን ነው።

ጭንቅላቷ ወይም ጣቷ ተያዘ

አትጎትቱ። ኬጁን በጨርቅ አጨልሙት፣ ትንሽ ትረጋጋለች። ሰውነቷን በፎጣ ደግፋችሁ ሽቦውን በፒንሳ አስፉት። ክር ከሆነ በትንሽ መቀስ ቁረጡት፤ ጣት ላይ ተጠምጥሞ የዋለ ክር ጣቱን ሊያስቆርጣት ይችላል።

ከዚያ ሜትር አውጡ። ለባጂና ለካናሪ የሽቦው ክፍተት ከ1.2 ሴንቲሜትር መብለጥ የለበትም። ክብ ሆኖ አናቱ ላይ ሽቦዎቹ የሚሰበሰቡበት ኬጅ ለዓይን ያምራል፣ እኔ ግን አልመክርም፤ ክፍተቱ እየጠበበ ሲሄድ ጣት ይይዛል። ወደ ላይ የሚሳበውን በር በልብስ መቆንጠጫ ወይም በትንሽ መንጠቆ እሰሩት። ወፏ ራሷ ታነሳውና አንገቷ ላይ ይወድቃል። ክሩ የተተረተረ መጫወቻም ይውጣ።

ሌሊት በድንገት ትራወጣለች

ኮካቲየል ከሆነች ድንጋጤ ነው ብላችሁ ጀምሩ። መብራት ድንገት ሲጠፋ ወይም ድመት መስኮት ላይ ስትወጣ በጨለማ ከሽቦው ጋር ትላተማለች። ቻርጅ የሚደረግ ትንሽ መብራት አጠገቧ አኑሩ።

ድንጋጤው በየሌሊቱ ከሆነ፣ ቀን ቀን ደግሞ ራሷን የምታክ ከሆነ ተባይ ፈልጉ። ማታ ነጭ ጨርቅ ኬጁ ላይ ጣሉና እኩለ ሌሊት ላይ በባትሪ እዩት። የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀይ ነጥብ ስትሄድ ካገኛችሁ፣ ቀን ስንጥቅ ውስጥ ተደብቃ ሌሊት ደም የምትመጠው እሷ ናት። ወፏን ወደ ሌላ ኬጅ አዛውሩ፣ የእንጨት ቆጦቹን አቃጥሉ፣ የኬጁን መጋጠሚያዎች በፈላ ውሃና በሳሙና እጠቡ። ፍሊት አትንፉ። ለወፏ ለራሷ የሚሆነውን መድኃኒት ሐኪም በክብደቷ ልክ ይስጣት። ከሳምንት በኋላ እጥበቱን ድገሙት፤ የተረፈ እንቁላል ካለ እስከዚያ ይፈለፈላል።