ትልቅ ሌንስ በትንሽ ካሜራ ስትገጥሙ የምትይዙት ሌንሱን ነው

ለሠርግ ወይም ለኳስ ሜዳ 70-200 ኤፍ 2.8 ሌንስ (ከ70 እስከ 200 ሚሊሜትር የሚሄድ ትልቅ ዙም) ተከራይታችሁ እንደ ሶኒ ኤ6400 ባለ ትንሽ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ካሜራ ላይ ልትገጥሙት ከሆነ ይቺን ያዙልኝ። ካሜራው ከነባትሪው 403 ግራም ነው። የመጀመሪያው የሶኒ ጂ ማስተር 70-200 ግን ያለ ትራይፖድ ቀለበቱ (ሌንሱን ዙሪያውን ይዞ ከባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ጋር የሚያያይዘው ቀለበት) 1480 ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ ካሜራውን ብቻ ጨብጣችሁ ሌንሱን አንጠልጥላችሁ ስትዞሩ ያ ሁሉ ጫና የሚያርፈው ሌንሱና ካሜራው የሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ነው፣ የእጃችሁም አንጓ ቶሎ ይዝላል።

ግራ መዳፋችሁን ከሌንሱ ሥር አድርጉ፣ ክርናችሁን ደረታችሁ ላይ አስጠጉ። ቀኝ እጅ ሹተር ይጫን፣ ሴቲንግ ይቀይር፣ በቃ።

ትራይፖድ ላይ ከሆነ ደግሞ እባካችሁ በካሜራው ሥር አትሰሩት! የሌንሱ ቀለበት የራሱ እግር አለው፣ እሱ ላይ እሰሩት። ሚዛኑም ይስተካከላል፣ ፎቶውን ቁም ማድረግ ስትፈልጉም ቀለበቱን ላላ አድርጎ ማዞር ብቻ ነው። የአንገት ማሰሪያውንም እዚያው እግሩ ላይ ማሰር ይሻላል።

ኤ6400 ውስጡ የምስል ማረጋጊያ የለውም። በእጅ ስታነሱ ሌንሱ ላይ ያለው ኦኤስኤስ (የሌንሱ የራሱ ማረጋጊያ) መከፈቱን አረጋግጡ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ የዚህ ካሜራ ሴንሰር ትንሽ ስለሆነ 70-200ው በፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ባለው ካሜራ) እንደ 105-300 ሆኖ ነው የሚያሳያችሁ። ለሜዳ ግሩም ነው። ጠባብ አዳራሽ ውስጥ ግን ወደ ኋላ የምትሸሹበት ቦታ ስለማይኖር ሰፊ ሌንስም ያዙ።