የወላጆች ቀንን በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል?

በብዙ ትምህርት ቤቶች የወላጆች ቀን የሚከበረው ትምህርት ሊዘጋ ሲል፣ በሰኔ መጨረሻ ነው። ያኔ መምህራኑ በፈተና እርማትና በካርድ ሥራ ተወጥረዋል፤ ክረምቱም ገብቷል። ሥራውን ወላጆች ካልተረከቡት ሁለት መዝሙርና አራት ንግግር ሆኖ ይቀራል። ዝግጅቱን ግንቦት አጋማሽ ላይ ይጀምሩ።

መጀመሪያ ቀኑን ይቁረጡ። ቅዳሜ ጠዋት ከ3 እስከ 6 ሰዓት ቢሆን ይመረጣል፤ በአዲስ አበባ የክረምት ዝናብ የሚበረታው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከ6ኛና ከ8ኛ ክፍል ፈተና ጋር እንዳይጋጭ ርእሰ መምህሩን አስቀድመው ያማክሩ።

ቀጥሎ ሰው ይፈልጉ። ትልቁ ሥራ ይህ ነው። በወላጆች ስብሰባ ላይ «ማን ይረዳናል?» ተብሎ ሲጠየቅ እጅ የማያወጣ የለም፤ በማግስቱ ስልክ የሚያነሳው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ሥራውን በትንንሹ ይቆራርሱና እያንዳንዱን ወላጅ ለብቻው ይጠይቁ። «በዕቃው በኩል ይተባበሩን» ማለት ሰውን ያስፈራል፤ መቼ እንደሚያበቃ አይታወቅም። «ዓርብ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ወንበር እንደርድር» ሲባል ግን ሥራ የበዛበትም ሰው እሺ ይላል። ነርስ የሆነችውን እናት የመጀመሪያ እርዳታ ላይ፣ ኤሌክትሪክ የሚያውቀውን አባት ድምፅ ማጉያው ላይ ይመድቡ። ለመድረክ፣ ለዕቃ፣ ለምግብ፣ ለገንዘብ፣ ለሕፃናት ጥበቃና ለጽዳት አንድ አንድ ተጠሪ ይሰይሙ። ጽዳቱን ሌሎች ሰዎች ይያዙት፤ ጠዋት ወንበር ሲያመላልስ ለዋለ ሰው ማታ መጥረጊያ ማቀበል ግፍ ነው።

ድንኳን፣ ወንበርና ትልልቅ ድስት ለመከራየት ከመሮጥዎ በፊት የሰፈሩን እድር ያነጋግሩ። ብዙ እድሮች ዕቃቸውን በአነስተኛ ኪራይ ይሰጣሉ፣ አንዳንዶቹ ለትምህርት ቤት ሲሆን በነፃ። ይሁንና በዚያ ቀን ለቅሶ ከተፈጠረ ዕቃው ወደ ለቅሶው ቤት ይሄዳል፤ ይህ ለክርክር አይቀርብም። ስለዚህ ሁለተኛ እድር ወይም አከራይ አስቀድመው ይያዙ። ሲረከቡ በቁጥር ይረከቡ፤ ብርጭቆውን ሳይቀር። መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር የሚያመጣውም ሰው ከወዲሁ ይታወቅ፤ ነዳጁን ማን እንደሚገዛም ጭምር።

ምግብ ሲያስቡ በሰኔ መጨረሻ የሐዋርያት ጾም መግባቱን አይርሱ፤ የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው። ቅቤና እንቁላል ያለበት ኬክ ለጿሚው አይሆንም። ሥጋ ከተዘጋጀ ደግሞ የክርስቲያንና የሙስሊም ማዕድ መለየት አለበት። ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ሻይና ቡና ሁሉንም ያስተናግዳል፤ ወጪውም ቀላል ነው። ዳቦውን በክፍል በክፍል አከፋፍሎ ለእናቶች ማዘዝ የተለመደ ቢሆንም፣ የሚጋግሩ አባቶችም አይጠፉምና ይጠይቋቸው።

ገንዘብ የሚሰበሰብ ከሆነ ሁለት ሰው ይያዘው፤ አንዱ ይቀበል፣ ሌላው ደረሰኝ ይቁረጥ። መዋጮውን በአንድ ግለሰብ የቴሌብር ቁጥር ከመሰብሰብ በትምህርት ቤቱ የባንክ ሒሳብ ማስገባት ይሻላል። ቶምቦላ ለማዘጋጀት ካሰቡ ትኬት ከመሸጥዎ በፊት የብሔራዊ ሎተሪን ፈቃድ ይጠይቁ።

የመድረኩን ቅደም ተከተል በሕፃናቱ አቅም ይለኩት። የመዋዕለ ሕፃናቱ መዝሙር መጀመሪያ ይሁን፤ ሁለት ሰዓት ተቀምጠው የጠበቁ ልጆች ተራቸው ሲደርስ ወይ ያለቅሳሉ ወይ ተኝተዋል። ለክብር እንግዳው 5 ደቂቃ እንዳለው ቀድሞ ይነገረው፤ ሰዓት የሚያሳየውም መድረክ መሪው ይሁን እንጂ ርእሰ መምህሩ አይሁን፣ ይሉኝታ ይይዘዋል። የሽልማቱ ስም ዝርዝር በዋዜማው ከክፍል ኃላፊዎች ጋር ይመሳከር፤ ስሙ ተዘልሎ ቆሞ የቀረ ልጅን ማባበል ከባድ ነው። ከመድረክ የወረዱ ሕፃናት ለአስተማሪያቸው ይመለሱ፤ ወላጅም ከዚያው ተቀብሎ ይሂድ።

በማግስቱ የእድሩን ዕቃ ቆጥረው ይመልሱ፤ የጎደለ ብርጭቆ ካለ ይተኩ። ገቢና ወጪውን በአንድ ገጽ ጽፈው በሳምንቱ ውስጥ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጥፉ። የደከሙትን ሰዎች ስም ከሥሩ ያስፍሩ፤ በሚቀጥለው ግንቦት ስልክ ሲደውሉ የሚጀምሩት ከዚህ ዝርዝር ነው።