ለደሴ ዳገት የሚሆን ሞተር ሳይክል እንዴት አወዳድሮ መግዛት ይቻላል?

ሞተር ሳይክል ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሲሲ ናት?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «ስንት ትሄዳለች?» ይላል። ለአዳማ ወይም ለሐዋሳ ሜዳ ጥያቄው አይከፋም። ደሴ ላይ ግን መቶ ሃያ የሚነዳበት ቦታ የት አለ? እዚህ ያለው ከዋናው አስፋልት ወደየሰፈሩ ሽቅብ የሚወጣ ኮብልስቶን፣ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የሐረጎ ጠመዝማዛ፣ ወደ ኩታበር ሲወጡ የክረምት ጭቃ ነው። ለዚህ የምትሆነው ሰው ጭና ዳገት ላይ ቆማ መነሳት የምትችል፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬኗ የማይከዳ፣ ስትበላሽም ዕቃዋ ከተማው ውስጥ የሚገኝ ናት። ሁለት ሦስት ሞተር ሳይክሎች መካከል ስትዋልሉ እንዲህ አድርጋችሁ አወዳድሩ።

1. መጀመሪያ ጭነቱን ጻፉ

የእናንተን ኪሎ፣ ከኋላ የሚቀመጠውን ሰው፣ ዕቃውን ደምሩ። ለብቻው ቢሮ የሚመላለስ ሰውና በየሳምንቱ ግማሽ ኩንታል ጤፍ የሚጭን ሰው አንድ ዓይነት ሞተር ሳይክል አያስፈልጋቸውም። ለምሳሌ ነጂው 70፣ ከኋላ ያለው 65፣ ዕቃው 15 ኪሎ ቢሆን 150 ኪሎ ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፣ እንመለስበታለን።

2. ከፍታው የሚወስደውን ቀንሱ

በወረቀቱ ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት ደሴ ላይ የለም። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር ነው። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ አየሩ ስስ ነው። በዚህ ከፍታ ተራ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ከአራት አንድ እጅ ገደማ ያጣል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ጉዳቱ ቀለል ይላል፤ ከአምስት አንድ እጅ ቢሆን ነው። ኮምቦልቻ ላይ ሞክሮ «እንደ ነብር ናት!» ያለ ሰው ደሴ ሲያስገባት ፊቱ የሚለወጠው ለዚህ ነው።

«ኢንጀክሽን ስለሆነች ከፍታ አይነካትም» የሚል ሻጭ ግማሹን ነው የነገራችሁ። ኢንጀክሽን ነዳጁን በኤሌክትሮኒክስ እየለካ ስለሚረጭ የአየርና የነዳጁን ልክ ራሱ ያስተካክላል፤ ነዳጁን ከአየር ጋር በካርቡሬተር የምትደባልቀዋ ነዳጅ በዝቶባት የምትጨስበት ቦታ ላይ ንጹህ ትሠራለች። የጎደለውን አየር ግን ከየት ያመጣዋል?

3. ኪሎውን ለጉልበቱ አካፍሉ

ዋናው ሂሳብ ይሄ ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል።

ለምሳሌ ሦስት ሞተር ሳይክሎችን እንውሰድ፤ ከስማቸው ቀጥሎ ያለው ቁጥር ሲሲው ነው። ቦክሰር 100 ወደ 110 ኪሎ ትመዝናለች፤ ጉልበቷ 8 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ቦክሰር 150 ወደ 125 ኪሎ፣ 12 የፈረስ ጉልበት። አፓቼ 180 ወደ 140 ኪሎ፣ 17 የፈረስ ጉልበት። አሁን ያን 150 ኪሎ ጭነት በእያንዳንዷ ላይ ደምሩ፤ ከጉልበቷ ደግሞ ሩቡን ቀንሱ። ቦክሰር 100 ላይ አንዱ ፈረስ 43 ኪሎ ይሸከማል። ቦክሰር 150 ላይ 31 ኪሎ፣ አፓቼ ላይ 23 ኪሎ ገደማ ይደርሰዋል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዳገቱ ይቀላል።

በተግባር ምን ማለት ነው? በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር የሚነሳ ዳገት አስቡ። ሁለት ሰው ጭኖ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለመውጣት 4 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይበቃል፤ ሦስቱም ይወጡታል። ፍጥነቱ 50 ይሁን ካላችሁ ግን ወደ 8 ይጠጋል። ደሴ ላይ 6 ብቻ የቀራት መቶ ሲሲ እዚህ ላይ እጅ ትሰጣለች። ቦክሰር 150 እያቃሰተች ትወጣለች፣ አፓቼ ትርፍ ይዛ ትሄዳለች። ለብቻው ፒያሳ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ግን መቶ ሲሲዋ ምንም አትልም። ቤንዚኗም ቆጣቢ ናት፤ ጭቃ ላይ ስትወድቅም አንድ ሰው ብድግ ያደርጋታል።

4. ጉልበቱ የት እንደሚገኝ እዩ

ከፈረስ ጉልበት አጠገብ ቶርክ የሚል ቁጥር አለ፤ ጎማውን የሚያዞረው ኃይል ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ቀጥሎ የተጻፈውን የሞተር ዙር አንብቡ። ቦክሰር 150 ትልቁን ቶርኳን የምትሰጠው በደቂቃ 5,000 ዙር ላይ ነው። አፓቼ 180 የበለጠ ቶርክ አላት፣ የምትሰጠው ግን 6,500 ዙር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ አፓቼን ዳገት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ ጮኽ እያደረጉ መንዳት ያስፈልጋል። በእግረኛ ፍጥነት፣ በረጠበ ኮብልስቶን፣ እናትን ከኋላ ጭኖ ለሚወጣ ሰው በዝቅተኛ ዙር የሚጎትተው ሞተር ይመቻል። እኔ ለታክሲ ሥራና ለገጠር መንገድ ቦክሰርን፣ በየቀኑ ደሴ–ኮምቦልቻ ለሚመላለስ ደግሞ አፓቼን እመርጣለሁ።

ጉልበት አነሰኝ ብላችሁ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ርካሽ መላ አለ። የፊተኛውን የካቴና ጥርስ በአንድ አሳንሱ። ከ14 ወደ 13 ሲወርድ የጎማው ጉተታ 8 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የላይኛው ፍጥነት በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ማን ይፈልገዋል!

5. ዳገት ላይ ፈትኑ

ያገለገለ ከሆነ በጠዋት ሂዱ፤ የደሴ ብርድ ሳይለቅ። ከሰላምታ ቀጥሎ እጃችሁን ወደ ሞተሩ አስጠጉ። ቀድሞ ሞቆ ከጠበቃችሁ ሻጩ በብርድ አልነሳ የሚል ነገር እየደበቀ ሊሆን ይችላል። «ሲቀዘቅዝ እመለሳለሁ» በሉት።

ከዚያ የምታምኑትን ሰው ከኋላ ጭናችሁ ዳገት ውጡ። መሃል ላይ ቁሙና በአንደኛ ማርሽ ተነሱ። ሞተሩ እየጮኸ እሷ ወደፊት ካልሄደች፣ የተቃጠለ ሽታም ከመጣ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ይህን ሜዳ ላይ አታገኙትም።

6. ቁልቁለቱን አትርሱ

ደሴ ላይ የወጣ ሁሉ ይወርዳል። ከቻላችሁ ጓደኛችሁ እሷን ይዞ ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ ይውረድ፤ እናንተ በሌላ ሞተር ከኋላ ተከተሉ። ዓይናችሁ ጭስ ማውጫው ላይ ይሁን። ረጅም ቁልቁለት ነዳጅ ሳይሰጥ ወርዶ እንደገና ነዳጅ ሲሰጥ ቡፍ የሚል ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት በቫልቮቹ በኩል እየገባ ነው። ዳገት ስትወጣ ሳታቋርጥ ሰማያዊ ካጨሰች ደግሞ የፒስተኑ ፋሻዎች ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል፤ ሞተር ማስወረድ ነው የሚጠብቃችሁ።

ፍሬን ላይም ልዩነት አለ። ቦክሰር በፊትም በኋላም የሸራ ፍሬን ናት፤ አፓቼ ከፊት ዲስክ አላት። የሸራ ፍሬን ቁልቁለት ላይ ተይዞ ሲቆይ ይግልና ይለሰልሳል። በሸራ የምትነዱ ከሆነ በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ በዜሮ ማርሽ መውረድ ግን የለየለት ድፍረት ነው።

7. ጥንካሬዋን በእጃችሁ ፈትሹ

ካቴናውን ከኋላው ጥርስ ላይ በሁለት ጣት ያዙና ወደ ኋላ ሳቡት። ከሥሩ የጥርሱ ግማሽ ከታየ ካቴናው ረዝሟል፤ ጥርሱም አብሮ ይቀየራል። የፊት ጎማዋን ከመሬት አንስታችሁ መሪውን ቀስ ብላችሁ ግራና ቀኝ አዙሩ። መሃል ላይ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ከሆነ ኮብልስቶኑ የመሪውን ኩሽኔታ ጨርሶታል። ካንዴላውን አስፈቱ፤ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር ማጣሪያው ተዘግቷል ማለት ነው፤ ደሴ ላይ ካርቡሬተር በማስተካከል ብዙ ጊዜ ይድናል፣ አብሽሩ። ዘይት የነካው እርጥብ ጥቁር ከሆነ ግን ተዉአት።

8. መለዋወጫ ቤት ግቡ

ከመግዛት በፊት፣ በኋላ አይደለም። የፍሪሲዮን፣ የፍሬን ሸራ፣ የካቴና እና የሲዲአይ (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ሳጥን) ዋጋ ለእያንዳንዷ ጠይቁ፤ ኦርጅናሉንም ኮፒውንም። «ከአዲስ አበባ እናስመጣለን» የሚባልላት ሞተር ሳይክል በወረቀት የቱንም ያህል ብትበልጥ ለሥራ አትሆንም። የሰፈራችሁ መካኒክ በየቀኑ የሚፈታት ዓይነት ትሻላለች።

የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል እያሰባችሁ ከሆነ ከፍታው ጉልበቷን አይቀንሰውም፤ አየር አታቃጥልምና። ዳገት ግን ባትሪዋን ቶሎ ይጨርሳል። በሜዳ የተነገረውን ርቀት አትመኑ፤ ሐረጎን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ጭነት ይዛ ወጥታ ስንት እንደቀራት ተመልከቱ።

9. ዋጋ

ያገኛችሁትን ጉድለት ሁሉ በመለዋወጫ ቤቱ ዋጋ ደምሩና ከተባለው ላይ ቀንሱ። ወረቀቱን ለሻጩ አሳዩት፤ በደፈናው «ቀንስልኝ» ከማለት ይሻላል። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከሞተር ሳይክሏ ላይ ካለው ጋር ራሳችሁ አስተያዩ፤ የስም ዝውውሩ ሳያልቅ ሙሉውን ብር አትስጡ።