የካናሌቶን ከተማ ሳይሰለቹ እንዴት ማየት ይቻላል

ሀያ የቬኒስ ስዕል የተሰቀለበት አዳራሽ ውስጥ፣ አራተኛው ላይ ስትደርሱ ሁሉም አንድ መምሰል ይጀምራል። ቦይ፣ ጀልባ፣ ሰማይ፤ ደግሞ ቦይ። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰዓሊ የካናሌቶ ኤግዚቢሽን ላይ ብዙ ሰው ሮጥ ሮጥ ብሎ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ቦርሳ አስቀምጡ። ሳትቆሙ አንዴ ዙሩና ሦስት ስዕል ብቻ ምረጡ። የጆሮ ማዳመጫውን ተዉት፤ ዓይናችሁ ሥራ ሳይጀምር በወሬ ይሞላችኋል። የግድግዳው ጽሑፍም መጨረሻ ላይ ይደርሳል።

ከሕንፃው በፊት ሰዎቹን ፈልጉ። ለንደን ያላችሁ ናሽናል ጋለሪ ገብታችሁ «የድንጋይ ጠራቢዎቹ ግቢ» ላይ ተለማመዱ፤ ቋሚውን ስብስብ ማየት ነጻ ነው። የተሳለው እ.ኤ.አ. በ1725 ገደማ ነው። ታች በግራ አንድ ሕፃን ወድቆ ሽንቱን ለቆታል። እናቱ እጇን ዘርግታ ትንደረደራለች። ሌላ ሴት ከሰገነት ቁልቁል ታያለች። መስኮት ላይ አውራ ዶሮ አለ። በቀኝ በኩል ደግሞ አንዲት ሴት ሰገነቷ ላይ ፈትል ትፈትላለች።

አሁን አስቸጋሪው። ሰዓሊው የት ቆሞ ነበር?

ራቅ ብላችሁ ቁሙ። መዳፋችሁን ዓይናችሁ አጠገብ አድርጋችሁ የስዕሉን ግማሽ ሸፍኑ። የቀረው ከየት ሆኖ ነው የሚታየው? ከመሬት? ከጀልባ? ከፎቅ? ከዚያ ሌላውን ግማሽ ሞክሩ። መልሶቹ ካልተስማሙ ደርሳችሁበታል፤ ካናሌቶ ሁለት እይታ ሰፍቶ አንድ አድርጓል። ሕንፃ ያስጠጋል፣ ቦይ ያሰፋል። ገዢዎቹ በአብዛኛው እንግሊዛውያን መንገደኞች ነበሩ፤ የፈለጉት ቤታቸው ወስደው የሚያሳዩትን ቬኒስ እንጂ ካርታ አይደለም። «በካሜራ ኦብስኩራ (የውጭውን እይታ በሌንስ ወረቀት ላይ የሚጥል ጨለማ ሣጥን) ገልብጦ ነው» ብሎ ነገሩን የሚዘጋ አስጎብኚ ካጋጠማችሁ አትስሙት። መሣሪያ ሕንፃ አያስጠጋም።

ከዚያ ቀረብ በሉ፣ ግን ጣት አትቀስሩ፤ ማንቂያው ይጮኻል። በኋለኞቹ ሥራዎቹ ከሩቅ የተከበረ ሰው የመሰላችሁ፣ ከቅርብ ጥቂት ጠብታ ቀለም ሆኖ ታገኙታላችሁ። ወደ ጎን ዘወር ብላችሁ ብርሃኑን ካገኛችሁት፣ ቀለሙ ላይ በማስመሪያ የተጫረ መስመር ሊታይ ይችላል።

አሁን ጽሑፉን አንብቡ። ከጠራቢዎቹ ግቢ ማዶ የሚታየው የደወል ማማ በ1744 ፈርሷል፤ ቬኒስ ሄዳችሁ አትፈልጉት። ስሙንም አጣሩ። ፖላንድ ውስጥ «ካናሌቶ» ሲባል ብዙ ጊዜ የእህቱ ልጅ በርናርዶ ቤሎቶ ነው፤ በአጎቱ ስም ይጠራ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የዋርሶ አሮጌ ከተማ መልሶ ሲገነባ ባለሙያዎች የቤሎቶን ስዕሎች አመሳክረዋል። የቤሎቶ ስዕል ፊት ስትደርሱ ከሰዎቹ ይልቅ በመስኮቶቹ ጀምሩ።